ሄዶ የቀረ፣ ሳይሄድም የቀረ

መልካሳ ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ ዳር፣ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማባታል። ከግብርና ምርምር ማዕከሏ የወጡ የበቆሎ ዝርያዎችም ስሟን ይዘው እስከ ሩቅ አገር ይዘራሉ። ስለ ውርጭ ለማውራት የማትመች ከተማ ትመስላለች። ነገር ግን ስለ ውርጭ ያሰብኩት እዚያው፣ በእህቴ ቤት በረንዳ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። «አጎቴ፣ ይቺን እያት። 42,000 ዓመት ሆኗታል፤ ቆዳዋ እንኳ አልተነካም።»

ሊዩባ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 በሩሲያ ሰሜን፣ በያማል ልሳነ ምድር፣ አንድ አጋዘን አርቢ ወንዝ ዳር ያገኛት የማሞዝ ግልገል። ከሞተች 42,000 ዓመት ገደማ ቢሆናትም የወር ዕድሜ ጨቅላ እንደሆነች አለች። የዓይኗ ሽፋሽፍት አለ፤ ሆዷ ውስጥ የእናቷ ወተት ርዝራዥ ተገኝቷል። ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ታፍና ነው የሞተችው። ስሟ የመጣው ካገኛት ሰው ሚስት ስም ሲሆን፣ በሩሲያኛ ከፍቅር ጋር ይዛመዳል።

እናቴ ከኋላችን ቆማ ፎቶውን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። «ውይ የኔ እናት! ከእናቷ ተለይታ ቀረች?»

ልጁ ሌላ ጥያቄ ነበረው። «እኛ አገርስ በረዶ ውስጥ የቀረ እንስሳ የለም?»

አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱም «ቀረ» አሉ፤ ያሉት ግን የተለያየ ነገር ነው። የእናቴ «ቀረች» ሳትመለስ የቀረችውን ነው። የልጁ «የቀረ» ሳይጠፋ የተገኘውን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ወደ እሱ ለመድረስ ግን መጀመሪያ በበረዶው በኩል ማለፍ አለብኝ።

በረዶ በአማርኛ ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ከሰማይ የሚወርደው ድንጋይ መሰሉ በረዶ ነው፤ በአውሮፓ ክረምት እንደ ጥጥ የሚያርፈው በረዶ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም በረዶ ነው። መልካሳ የሚኖር ኦሮምኛ ተናጋሪም ለእነዚሁ ሁሉ «ጨቢ» ይላል። ሥሩ በግዕዝ በረድ ነው፤ በዕብራይስጥና በዐረብኛም በረድ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። አማርኛ ከዚህ ሥር ብዙ ቤተሰብ አፍርቷል። ብርድ፣ በረደ፣ አበረደ። ቁጣ ይበርዳል፤ ቡና ይበርዳል፤ ጠበኞችን የሚያበርድ ሰው ይፈለጋል። ከሥሩ የወጡት ቃላት ስለ ሰማይ ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ሰው ጠባይ የሚናገሩት ይበዛል።

ግዕዝ ግን በዚህ ነገር ከአማርኛ ይበልጥ ባለጸጋ ነበር። ሐመዳ የሚል ቃል አለው፤ አስሐትያ የሚል አለው፤ ሁለቱም ለውርጭና ለነጭ በረዶ ናቸው። ሐመዳ በአማርኛ አመዳይ ሆኖ ኖሯል፤ ጠዋት ሣር ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነው። ሐመድ ደግሞ አመድ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በሦስት ፊደል ይገናኛሉ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሜዳውን ያየ ሰው አመድና አመዳይ ለምን እንደሚቀራረቡ ቃል ሳይጠይቅ ይገባዋል።

አገራችን ነጩን በረዶ በጽሑፍ ያወቀችው ደግሞ ጥንት ነው። በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ በግሪክኛ የተቀረጸና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የገለበጠው ጽሑፍ አለ። የጻፈው የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻው ሲናገር ወደ ሰሜን ተራሮች እንደተሻገረ፣ ተራሮቹ በበረዶ የተሸፈኑ እንደሆኑና ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እንደሚሰጥም ይገልጻል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ «በረዶ የፈረንጅ ነገር ነው» ማለቱን ቢተው ደስ ይለኛል።

የበረዶ ተራራን ወይም የተከመረ የበረዶ ንጣፍን ዛሬ ግግር በረዶ እንላለን። ይህ ቃል ሲገባኝ ተገርሜያለሁ። ግግር ከጋገረ ነው። ጋገረ ደግሞ የምጣድ ግስ ነው፤ እንጀራ ይጋገራል፣ ዳቦ ይጋገራል። ግን ደምም ይጋገራል፤ ሲደርቅና ሲጠነክር። የተቆለለ፣ የጠነከረ፣ አንድ አካል የሆነ ነገር ሁሉ ግግር ይባላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀዘቅዘውን ነገር ከእሳት ዳር በመጣ ቃል ጠራነው። ቃሉን የፈጠረው ሰው የትኛው ነገር እንደሚመሳሰል በትክክል አይቷል፦ ሙቀቱን ትቶ ጥንካሬውን ነው የወሰደው።

ወደ ማሞዝ እንመለስ። እኛ የምንለው ማሞዝ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ከሩሲያኛ የመጣ ነው። ሩሲያኛ ራሱ ከየት እንዳገኘው ብዙ ሊቃውንት የሚስማሙበት ምንጭ ከኡራል ተራሮች ማዶ የሚነገረው የማንሲ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም «የምድር ቀንድ» ማለት ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ያዩት እንስሳውን አይደለም፤ ከወንዝ ዳር ከተናደ አፈር ውስጥ ወጥቶ የቆመ ጠማማ ነጭ ነገር ነው። ቀንድ አሉት።

እኛም በግዕዝ ዘመን እንደዚሁ ብለናል። ዝሆን በግዕዝ ነጌ ነው፤ አማርኛ የምንለው የዝሆን ጥርስ በግዕዝ ቀርነ ነጌ፣ የነጌ ቀንድ ነው። ስለ ቀንድነቱ ሳይቤሪያና አክሱም ሳይተያዩ ተስማምተዋል። አማርኛ ከጊዜ በኋላ ጥርስ ብሎ አርሞታል፤ ኦሮምኛም ኢልከ አርባ፣ የዝሆን ጥርስ ይላል። በእርግጥም ጥርስ ነው። በዚህ ነገር አማርኛና ኦሮምኛ ከግዕዝ ይልቅ ለሥነ ፍጥረት ሳይንስ ቅርብ ናቸው።

የሳይቤሪያ ሰዎች ግን በቀንዱ አላቆሙም። ይህ ፍጥረት ሁልጊዜ የሚገኘው ከመሬት በታች ነው፤ ሁልጊዜም የሚገኘው ሞቶ ነው። በሕይወት ቆሞ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ከምድር በታች ዋሻ እየቆፈረ የሚኖር፣ ብርሃን ወይም የውጭ አየር ሲያገኘው ወዲያው የሚሞት ግዙፍ ፍጥረት ነው ብለው አመኑ። የቻይና መጻሕፍትም በሰሜን በረዶ ሥር ስለሚኖር ዝሆን ስለሚያህል አይጥ ይናገራሉ፤ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ሳይቀር ስለዚህ ፍጥረት ጽፏል። ሰዎቹን ተላላ ማለት አይገባም። ያላቸው ማስረጃ ይኸው ነበር፤ ከማስረጃቸው ተነስተው ያገኙት መልስም ምክንያት ያለው ነው። በአማርኛ ብንገልጸው የማሞዝ የመጀመሪያ ትርጉም ትልቅ ፍልፈል ነው።

ፍልፈል ስል እዚሁ አገራችን ውስጥ አንድ ነገር ነካሁ። ለእህቴ ልጅ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ እዚህ አለ።

ፍልፈል የወጣው ፈለፈለ ከሚለው ግስ ነው። መልካሳ ውስጥ ይህን ግስ የማያውቅ ሰው የለም። በቆሎ ይፈለፈላል፤ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን አለ። ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፦ ከሽፋን ውስጥ፣ ከድፍን ነገር ውስጥ፣ ያለውን ማውጣት። ፍልፈልም ምድርን የሚፈለፍል ነው። ገበሬ ስሙን ሲያነሳ የሚታየው ተሰርስሮ ወደ ላይ የተቆለለ አፈር ነው።

በባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖር ትልቅ ፍልፈል አለ። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይደርሳል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት አጠገብ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ ሣር ለቅሞ ይመለሳል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በጎትዝ ኦሰንዶርፍ መሪነት፣ ፊንጫ ሐበራ የተባለውን የባሌ ዋሻ ይዞ ቀረበ። ዋሻው 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበታል፤ ባልጩት ጠርበዋል፤ እሳት አንድደዋል። ከምድጃቸው ዙሪያ የተገኘው አጥንት በብዛት የትልቁ ፍልፈል ነው፤ ብዙውም የእሳት ጠባሳ አለበት። ጠብሰው ይበሉት ነበር።

ያን ጊዜ ደግሞ ባሌ በረዶ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሌክሳንደር ግሮስና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚያሳየው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት የባሌን ተራሮች ግግር በረዶ ሸፍኗቸው ነበር፤ ስፋቱም 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ከመልካሳ በጠራ ማለዳ ወደ ደቡብ ስታዩ የሚታዩት የአርሲ ተራሮችም በረዶ ተሸክመው ነበር። ከእነሱ የሚነሳው የቀለታ ወንዝ ዛሬም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ በአንድ ዘመን ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው።

በብርድ የረጋ መሬትም ነበረን። ሳነቴ አምባ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ማለትም «ቀይ ተራራ» ከሚባለው 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ፣ በመስመር የተደረደሩ ግዙፍ ድንጋዮች አሉ። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የመስመሮቹ ርዝመት እስከ 1,000 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸው እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። የደረደራቸው ውርጭ ነው፦ መሬቱ እየረጋ እየቀለጠ፣ ሲረጋ እየተነፋ ሲቀልጥ እየሟሸሸ፣ ትልልቁን ድንጋይ ወደ አንድ ጎን ደቃቁን ወደ ሌላ ጎን እየገፋ። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር እንዲህ ያለ ጽሑፍ በድንጋይ መገኘቱ ብርቅ ነው፤ ሄዶ ያየ ሁሉ ሊኮራበት የሚገባ ነው።

ዓመቶቹን ደግሞ አስተያዩ። ሊዩባ በያማል ጭቃ ስትታፈን፣ በዚያው ዘመን ገደማ አንድ የባሌ አዳኝ ከግግር በረዶ ሥር በሚፈስ ውሃ ዳር ፍልፈል ይጠብስ ነበር። ሳይቤሪያውያን በረዶ ውስጥ ትልቅ ፍልፈል አለ ብለው ያመኑት ስህተት ነው፤ በረዶው ውስጥ የነበረው የዝሆን ዘመድ ነው። በረዶ አጠገብ የኖረው እውነተኛው ትልቅ ፍልፈል ያለው እኛ ጋር ነው።

ለልጁ ይህን ስነግረው ወዲያው ጠየቀ፦ «ታዲያ የባሌው ፍልፈል ለምን ቆዳውና ፀጉሩ አልቀረም?» መልሱ በሙቀት ነው። ሥጋን የሚያበላሹት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው፤ ሁልጊዜ በረጋ መሬት ውስጥ ሥራ አይሠሩም፣ ውሃውም ጠጣር ስለሆነ ምንም አይንቀሳቀስም። ባሌ ግን በረዶው ቀልጦ ካለቀ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ በዚያ አምባ ላይ ሌሊት ቢረጋም ቀን ይቀልጣል። አጥንትና ፍም ብቻ ቀሩ። ያው ብርድ የዘር መለያውንም ይጠብቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሳይቤሪያ የማሞዝ ጥርሶች የተነበበው ዲኤንኤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በእኛ በኩል ከአንድ ሰው አጽም መጀመሪያ የተነበበው የጥንት አፍሪካ ሙሉ ዘረመል የተገኘው በጋሞ ከፍታ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሞታ ዋሻ ነው፤ 4,500 ዓመት የሆነው ሰው ነው። ቀዝቃዛ ዋሻ ስለሆነ ነው። የሰውየው ስም ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በአፋር ሄርቶ ለተገኘው 160,000 ዓመት ገደማ ለሆነው የሰው ዘር ደግሞ የተሰጠው ስም ኢዳልቱ ነው፤ በአፋርኛ ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነው። ሳይንሱ በኩርንና ታላቅን ሲፈልግ ቃሉን ከጋሞና ከአፋር ወስዷል።

አፋር በዚህ ነገር ለዓለም የሰጠችው ቃል ብዙ ነው። አርዲ በአፋርኛ መሬት፣ ራሚድ ሥር ነው፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት አርዲፒቴከስ ራሚደስ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ነው። ጋርሂ ድንቅ፣ ያልተጠበቀ ማለት ሲሆን ከቡሪ የተገኘው ዝርያ ስም ሆነ። ድንቅነሽ ደግሞ አማርኛ ናት፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974 በሐዳር የተገኘች። ዲኪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ሰላም ናት፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። አጽሟን ከአሸዋ ድንጋዩ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጅቷል። ሰላምና ሊዩባ ሁለቱም ሕፃናት ናቸው። አንዷን ድንጋይ፣ አንዷን ብርድ አቆየ።

አዋሽ በመልካሳ በኩል ሲያልፍ ወደ አፋር ነው የሚወርደው። ከላዩ ደግሞ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለምርምር የታወቀ፣ በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። በእንስሳ አጽም ፈላጊ ዓይን ይህ ቃል ብዙ ይናገራል። እንስሳ ውሃ ሊጠጣ የሚወርደው በመልካ ነው፤ አዳኝ የሚያደባው በመልካ ነው፤ ጎርፍ ደለል አምጥቶ አጥንትና ዱካ የሚያለብሰውም በመልካ ነው። በመልካ ቁንጡሬ 700,000 ዓመት የሆነው የጉማሬና የሰው ልጅ ዱካ በአንድ ጭቃ ላይ የተገኘው ለዚህ ነው። ሊዩባም ወንዝ ዳር ነው የወጣችው።

አሁን ወደ ቀረ።

ፈረንጆች ፎሲል የሚሉት ከላቲን ነው፤ ተቆፍሮ የወጣ ማለት ነው። በድሮ አጠቃቀማቸው ከመሬት የወጣ ማዕድን ሁሉ ፎሲል ይባል ነበር። ቃሉ ስለ ቆፋሪው ይናገራል እንጂ ስለ ተገኘው ምንም አይናገርም። አማርኛ ቅሪተ አካል አለ። አካል ግዕዝ ነው፤ በቅሪተ መጨረሻ ያለችው «ተ» የግዕዝ ማዛመጃ ናት፤ ሥሩ ግን ቀረ ነው። እና ቀረ እንደ እናቴና እንደ ልጁ ሁለት ፊት አለው።

መምህር ስም ሲጠራ ልጁ ካልመጣ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል፤ የሌለ ማለት ነው። ባለሱቅ ደግሞ «ቀሪህን ውሰድ» ሲል ያለውን፣ የተረፈውን ማለቱ ነው። «ዘምቶ ቀረ» ሲባል ቤቱ ሐዘን ይገባል። «እሱ ብቻ ቀረ» ሲባል አንድ ሰው በሕይወት አለ። ለሌለውም ለተረፈውም አንድ ግስ። ሰላም ሳትሄድ የቀረች ናት፤ እዚያው በተኛችበት ቆይታ ተገኘች። ሄዳም የቀረች ናት፤ ዝርያዋ አልተመለሰም። ማሞዝም እንዲሁ። ይህን ሁለቱን በአንድ ላይ የሚናገር ቃል ላቲን አልሰጠም፤ እኛ ግን ሳናስበው ይዘነዋል። ስለዚህ «ፎሲል» ብሎ መናገር የተማረነት ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች የሚያጡትን ቢያውቁ እመኛለሁ። ቅሪተ አካል የተሻለ ቃል ነው።

አንድ የሚጎድለን ቃል አለ። ሁልጊዜ የረጋው መሬት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ በዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የሚቆየው፣ በአማርኛ ጽሑፎች «ቋሚ በረዶ» ሲባል አያለሁ። ትክክል አይደለም። በረዶ አይደለም፤ አፈር ነው፣ ጠጠር ነው፣ አጥንት ነው፣ ውሃው የረጋበት። ረጋ የሚባል ጥሩ ግስ አለን። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል። ቅቤ ይረጋል፤ ደም ይረጋል፤ ውሃ ይረጋል። የማይቸኩል ሰው ረጋ ያለ ነው። የረጋ ምድር ብንለው እናቴ ያለ መምህር ትረዳዋለች። የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ዜና የምትተረጉሙ፣ እባካችሁ ይህን ቃል ሞክሩት። አሁን ደግሞ ዜናው ብዙ ነው፤ የሰሜኑ የረጋ ምድር እየቀለጠ፣ ውስጡ የቀረውን ሁሉ በየዓመቱ እያወጣ ነው።

ለእህቴ ልጅ ያለኝ መልስ ይህ ነው። በረዶ ውስጥ ሥጋውና ፀጉሩ ሳይጠፋ የቆየ እንስሳ በአገራችን የለም። ግን በበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ዳር የኖረ፣ አያቶቻችን የጠበሱት፣ ከእሳታቸው አጠገብ ቅሪቱ የተገኘ እንስሳ አለ። ዛሬ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመዝግቧል፤ የግጦሽ ከብት በበዛ ቁጥር ጉድጓዱ ይረገጣል፣ ሣሩም ያልቅበታል። ባሌ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሳነቴ አምባ ላይ ከመንገዱ ባይወጣ፣ የፍልፈል ጉድጓድ ባይረግጥ መልካም ነው። ማሞዝ ቀርቷል። የባሌው ፍልፈል ግን ገና አልቀረም፤ ዛሬም ጠዋት አመዳዩ ሲቀልጥ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣሩን ይለቅማል።